የመድኃኒት ክምችትን ከማይኤስኪውኤል ወደ ኤክስኤምኤል በፒኤችፒ ማውጣት፦ ፋይሉ እየተመለሰ ነው

የቀፊራዋ

ሰላም ለቤቱ። ድሬዳዋ ያለ የመድኃኒት ጅምላ መጋዘን የክምችት መረጃውን በየሳምንቱ በኤክስኤምኤል ፋይል (መረጃን በ< እና > በታጠሩ ታጎች በሚከፋፍል ጽሑፍ) ለአንድ ተቀባይ ድርጅት ይልካል። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል፣ ኮዱ ፒኤችፒ 7.4፣ ማሽኑ ዊንዶውስ ላይ ያለ ዛምፕ (ፒኤችፒንና ዳታቤዙን አብሮ የሚጭን ጥቅል) ነው። ሁለት ሰንጠረዦች አሉ፦ አንዱ የመድኃኒት (ወደ 6,000 ረድፍ)፣ ሌላው የባች፣ ማለትም በአንድ ዙር የተመረተ መድኃኒት (ወደ 40,000 ረድፍ)። በፋይሉ ውስጥ ባቾቹ በየመድኃኒታቸው ሥር መግባት አለባቸው።

አሁን ያለው ኮድ ፋይሉን የሚሠራው ጽሑፍን ከጽሑፍ በነጥብ እያያያዘ ነው። የሚወጣው ይህን ይመስላል፦

<ክምችት>
  <መድኃኒት ቁጥር="117">
    <ስም>አሞክሲሲሊን 500</ስም>
    <አቅራቢ>አባት & ልጆቹ</አቅራቢ>
    <አቀማመጥ>< 25 ዲግሪ</አቀማመጥ>
    <ባች>
      <መለያ>4471</መለያ>
      <ገቢ>2016-13-04</ገቢ>
      <ማብቂያ>2026-08</ማብቂያ>
      <ብዛት></ብዛት>
    </ባች>
  </መድኃኒት>
</ክምችት>

ችግሮቹ እነዚህ ናቸው። ተቀባዮቹ «ፋይሉ በደንብ የተዋቀረ አይደለም» ብለው ይመልሱታል። አንዳንድ የመድኃኒትና የአቅራቢ ስሞች ???? ሆነው ይወጣሉ። ገቢ የሆነበት ቀን በስኪማው (ፋይሉ ሊኖረው የሚገባውን ቅርጽ በሚወስነው የተቀባዩ ደንብ) ፍተሻ ይወድቃል። እሱ ዓምድ በድሬው ዳታቤዝ ቫርቻር (ጽሑፍ)፣ በሐረሩ ቅርንጫፍ ደግሞ ዴት (ቀን) ነው፤ ሁለቱም ላይ የሚሞላው በእኛ አቆጣጠር ነው። የሐረሩ መረጃ ሲጨመርበት ደግሞ ኮዱ «ሚሞሪ አልቋል» ብሎ ይቆማል። በመጨረሻም፣ ታጎቹ ከላይ እንዳሉት በአማርኛ ቢሆኑ ምን ችግር አለው?

ሳቢያን_ሰርቨር

ኮድ መጻፍ ለምን አስፈለገ? ፒኤችፒ ማይአድሚን «ኤክስፖርት» የሚለው ውስጥ ኤክስኤምኤል አለው። ማይኤስኪውኤል ደምፕም የኤክስኤምኤል አማራጭ አለው። & እና < የሚያስቸግሩ ከሆነ ደግሞ ከዳታቤዙ በአንድ ትእዛዝ ሰርዢያቸውና ተገላገይ።

ጀጎል_ዳታ

ሳቢያን፣ ሁለቱም መሣሪያዎች ያወጣሉ፤ ቅርጹ ግን የራሳቸው ነው። ደምፑ እያንዳንዱን ረድፍ «ረድፍ» በሚል ታግ፣ ዓምዶቹን ደግሞ «ፊልድ» በሚል ታግ አድርጎ የዓምዱን ስም በአትሪቢዩት (በታጉ ውስጥ ከ= ጋር በሚጻፍ ዋጋ) ያስቀምጠዋል። ባች በመድኃኒት ሥር አይገባም፤ ሁለቱ ሰንጠረዦች ተከታትለው ብቻ ይወጣሉ። ተቀባዩ የራሱ ስኪማ ካለው ያንን በኤክስኤስኤልቲ (ኤክስኤምኤልን ወደ ሌላ ቅርጽ በሚቀይር ቋንቋ) መልሶ መቅረጽ ሊመጣ ነው፣ ያም ሌላ ኮድ ነው። ለመጠባበቂያ ቅጂ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

የቀፊራዋ እህቴ፣ ምልክቶቹን መሰረዙን ግን ተይው። «< 25 ዲግሪ» ውስጥ ምልክቷ ስትጠፋ «25 ዲግሪ» ይቀራል፣ ትርጉሙም ሌላ ይሆናል። በድሬ ሙቀት ደግሞ ከዚህ ዓምድ የበለጠ የሚያስፈልግ የለም። ዳታው ልክ ነው። የተበላሸው አወጣጡ ነው።

ፋይሉ የሚመለሰው በሦስት ምክንያት ሊሆን ይችላል፣ ሦስቱም ኮድሽ ውስጥ ያሉ ይመስለኛል።

አንደኛው የምልክቶቹ ጉዳይ ነው። ፓርሰሩ (ፋይሉን የሚያነበው ፕሮግራም) < ሲያይ ታግ ተጀመረ ይላል፣ & ሲያይ ደግሞ ስም ወይም ቁጥር ተከትሎት በ; ምልክት የሚዘጋ ኮድ ይጠብቃል። ስለዚህ በይዘት ውስጥ & ወደ &#38; ፣ < ወደ &#60; መቀየር አለባቸው። በአትሪቢዩት ውስጥ ከሆነ ድርብ ጥቅሱም ወደ &#34; ይቀየራል። በእጅ የምትቀይሪ ከሆነ & ይቅደም፤ < ከቀደመ በ&#60; ውስጥ ያለችው & እንደገና ትቀየርና ተቀባዩ ጋ «&#60;» የሚል ጽሑፍ ይደርሳል።

በፒኤችፒ ይህን የሚሠራው ኤችቲኤምኤል ስፔሻል ቻርስ ነው። ኤችቲኤምኤል ኢንቲቲስ የሚባለውን አትጠቀሚ፤ እሱ ኤክስኤምኤል የማያውቃቸውን የኤችቲኤምኤል ስሞች ያስገባል። ኤክስኤምኤል ያለ ማብራሪያ የሚያውቃቸው ስሞች አምስት ብቻ ናቸው። ስፔሻል ቻርስም ቢሆን በ7.4 ላይ አንድ አመል አለው፦ ጽሑፉ ውስጥ አንዲት የተበላሸች የዩቲኤፍ-8 (ፊደላትን በባይት የመጻፊያ ዘዴ) ባይት ካለች ሙሉውን ባዶ አድርጎ ይመልሰዋል፣ ስህተትም አያሳይም። ከ8.1 ጀምሮ ነው በራሱ የመተኪያ ምልክት የሚያስገባው። ስም ባዶ ሆኖ ከወጣ መጀመሪያ እዚህ ተመልከቺ።

ሁለተኛው ዓይን የማያያቸው ምልክቶች ናቸው። ኤክስኤምኤል 1.0 ከ32 በታች ካሉት ቁጥሮች የሚቀበለው 9፣ 10 እና 13ን ብቻ ነው (ታብ፣ አዲስ መስመር፣ መመለሻ)። ሌሎቹ በ&#29; መልክ ቢጻፉ እንኳ ፋይሉ ውድቅ ነው። መድኃኒት ቤት ውስጥ 29 ከየት ይመጣል? ከስካነሩ። በመድኃኒት ካርቶን ላይ ያለው ባለ አራት ማዕዘን የጂኤስ1 ዳታማትሪክስ ኮድ ርዝመታቸው የማይታወቅ ክፍሎችን የሚለየው በዚህ ምልክት ነው። ባቹ (መለያው 10) እና ተከታታይ ቁጥሩ (መለያው 21) እስከ 20 ፊደል ድረስ ሊረዝሙ ስለሚችሉ፣ ከኋላቸው ሌላ ክፍል ካለ 29 ይቀመጥላቸዋል። የምርት ቁጥሩ (01) ሁልጊዜ 14 አኃዝ፣ ማብቂያው (17) ሁልጊዜ 6 አኃዝ ስለሆኑ አያስፈልጋቸውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው 29ኙን ዝም ብሎ ያጠፋዋል። ያን ጊዜ ባቹ፣ «21» እና ተከታታይ ቁጥሩ ተጣብቀው አንድ ረጅም የውሸት ባች ይሆናሉ፤ ፋይሉ ፍተሻውን ያልፋል፣ መረጃው ግን ሐሰት ነው። መጀመሪያ በ29 ከፋፍለሽ ክፍሎቹን በየዓምዳቸው አስገቢ። የተረፉትን (ከ0 እስከ 8፣ 11፣ 12፣ ከ14 እስከ 31) ከዚያ በኋላ በፕሬግ ሪፕሌስ (ፈልጎ በሚተካው የፒኤችፒ ፈንክሽን) አጥፊ። የዩ አማራጩን ስትጨምሪበት የተበላሸ ዩቲኤፍ-8 ካገኘ ነል (ዋጋ የለም ማለት) ይመልሳልና ውጤቱን ሳታዪ አትጻፊ።

ሦስተኛው ክፍት የቀረ ታግ ነው፤ ኮዱ መሐል ላይ ሲቆም ይፈጠራል። ይህንን ሌሎቹ ያዩልሽ።

መፍትሔው ማያያዙን ትቶ ኤክስኤምኤል ራይተር የሚባለውን የፒኤችፒ ክላስ መጠቀም ነው። ቅደም ተከተሉ፦ በኦፕን ዩአርአይ ፋይሉን ክፈቺ፤ ስታርት ዶኪውመንት ላይ «1.0» እና «ዩቲኤፍ-8» ስጪ፤ ሥሩን (ሌሎቹን ሁሉ የሚይዘውን ታግ) በስታርት ኤለመንት ክፈቺ፤ የመድኃኒቱን ታግ እንደከፈትሽ ለቁጥሩ ራይት አትሪቢዩት፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ዋጋ ራይት ኤለመንት፤ በከፈትሽው ልክ ኤንድ ኤለመንት፤ መጨረሻ ላይ ኤንድ ዶኪውመንትና ፍላሽ (የተጠራቀመውን ወደ ፋይሉ መጻፍ)። & እና < ን ራሱ ይቀይራል፣ ስለዚህ ስፔሻል ቻርስን ደግመሽ አትጥሪ። ከ32 በታች ያሉትን ግን አይከለክልም፣ ማጣሪያው በአንቺ በኩል ነው። የፎልደሩን ስም በላቲን ፊደል፣ ክፍት ቦታ ሳይኖረው አድርጊው።

ደቻቱ_ባይት

ስለ ???? እኔ ልመልስ። ከመፍትሔው በፊት ጉዳቱ የት እንደደረሰ ማወቅ ይቀድማል፣ ምክንያቱም አንዱ ዓይነት ይድናል፣ ሌላው አይድንም።

የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ 3 ባይት ነው። ሀ ማለት 225፣ 136፣ 128 ነው። ማይኤስኪውኤል ላይ ሌንግዝ ባይት ይቆጥራል፣ ቻር ሌንግዝ ፊደል ይቆጥራል። «ድሬዳዋ» የሚል ዋጋ ያለው አንድ ረድፍ ውሰጂና ሁለቱንም አስቆጥሪ፦

ቻር ሌንግዝ 4፣ ሌንግዝ 12 ከሆነ ዳታው ጤነኛ ነው፤ የሚበላሸው ሲወጣ ነው።
ሁለቱም 4 ከሆኑ ዳታቤዙ ውስጥ ያሉት እውነተኛ የጥያቄ ምልክቶች ናቸው። ፊደሎቹ ሲገቡ ጠፍተዋል፣ ከየትም አይመለሱም፤ ከወረቀቱ ደብተር እንደገና ይመዝገቡ።
ቻር ሌንግዝ 12 ከሆነ ጽሑፉ ሁለቴ ኢንኮድ ተደርጓል። ስክሪን ላይ በየሦስት ምልክቱ ጭረት ያላት የላቲን ኤ እየደጋገመች ታያለሽ። ይህ ይድናል።

ለመጀመሪያው፣ ከዳታቤዙ ጋር እንደተገናኘሽ ሌላ ነገር ከመጠየቅሽ በፊት ሴት ቻርሴት (የፊደል አጻጻፉን የሚነግረው ፈንክሽን) ላይ «ዩቲኤፍ8 ኤምቢ4» ስጪ። በፒዲኦ (በሌላው የፒኤችፒ የዳታቤዝ መገናኛ) ከሆነ በግንኙነቱ ጽሑፍ ውስጥ ቻርሴት ብለሽ ትጨምሪዋለሽ። ሴት ኔምስ የሚለውን ትእዛዝ በኩዌሪ መላክ ሰርቨሩን ብቻ ነው የሚነግረው፤ የፒኤችፒው ቤተመጻሕፍት ስለማያውቀው የጥቅስ ምልክቶችን ለኩዌሪ የሚያስተካክለው ፈንክሽን በአሮጌው ቻርሴት ይቀጥላል።

ለሦስተኛው፣ በኩዌሪው ውስጥ ዓምዱን ወደ ላቲን1 ቀይሪ፣ እሱን ወደ ባይነሪ ካስት አድርጊ፣ እሱን ደግሞ ወደ ዩቲኤፍ8 ኤምቢ4 ቀይሪ። ሦስቱ ደረጃ በዚህ ቅደም ተከተል ብቻ ነው የሚሠራው። በሰሌክት አይተሽ ልክ ሲሆን ነው በአፕዴት የምትጽፊው፣ ያውም ቻር ሌንግዙ የተበላሸውን ረድፍ ብቻ መርጠሽ፤ ጤነኛውን ረድፍ ከነካሽው ወደ ???? ትለውጪዋለሽ።

ጥገናውን ዳታቤዙ ውስጥ ነው መሥራት ያለብሽ። ፋይሉን አውጥተው በዊንዶውስ 1252 መለወጫ የሚጠግኑ አሉ። 1252 ላይ 129፣ 141፣ 143፣ 144 እና 157 ባዶ ቦታዎች ናቸው፤ የማይኤስኪውኤል ላቲን1 ግን ሞልቷቸዋል። የፀ፣ የፈ እና የፐ ቤተሰቦች መካከለኛ ባይታቸው 141 ነው። ስለዚህ በውጭ መለወጫ ሲያልፉ «ፋርማሲ» የሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደሉን አጥቶ ይመለሳል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ፋይሉ ውስጥ በአማርኛው ፈንታ &#4608; የሚመስል ቁጥር ብታዪ አትደንግጪ። ያ ሀ ነው፣ ትክክለኛ ኤክስኤምኤል ነው፣ ማንኛውም ፓርሰር መልሶ ሀ ያደርገዋል። ፓይተን ላይ ኤለመንት ትሪ ኢንኮዲንግ ካልተነገረው የሚጽፈው እንዲህ ነው። ጉዳቱ መጠን ላይ ነው፤ 3 ባይት የነበረው 7 ይሆናል።

የቀፊራዋ

አቦ ይመቻችሁ! ድሬ ላይ 4 እና 12 ነው፤ ሐረር ላይ ግማሹ 4 እና 12፣ ግማሹ 12 ሆኗል። የሁለቴው ዓይነት ነው ማለት ነው። የባቹ ዓምድ ውስጥ 29 አለ፣ ልክ ናችሁ።

ቀኑስ? ስኪማው ገቢ የሆነበትን ቀን ዴት፣ ማብቂያውን ደግሞ ዓመትና ወር ብሎ ነው የሚጠይቀው።

ከዚራ_ጥላ

የስኪማው ዴት ዓይነት በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ዓመት-ወር-ቀን ተብሎ ነው። 2016-13-04 ሲያይ 13ኛ ወር ስለማያውቅ ይጥለዋል። እሱ ግን ቀላሉ ነው፣ ቢያንስ ይጮሃል። የሚያስፈራው የማይጮኸው ነው፦ 2016-05-10 ብለሽ ጥር 10ን ብትልኪ ፍተሻውን ያልፍና ተቀባዩ ጋ ሜይ 10 ቀን 2016 ይሆናል፣ ከእውነተኛው ቀን ስምንት ዓመት ገደማ ቀድሞ የገባ መድኃኒት።

የሐረሩ ዴት ዓምድ ጉዳይ ደግሞ ይለያል። ማይኤስኪውኤል ዓምዱን እንደ ፈረንጅ ቀን ነው የሚያየው። ከጳጉሜ በስተቀር የእኛ ወሮች ሁሉ 30 ቀን ስለሆኑና በፈረንጁ ከ30 በታች ያለው ወር 2ኛው ብቻ ስለሆነ፣ እምቢ የሚለው የጥቅምት 30ን (ዓመቱ ለአራት ካልተካፈለ 29ንም) እና ጳጉሜን በሙሉ ነው። ስትሪክት ሞድ (የተሳሳተ ዋጋ እንዳይገባ የሚከለክለው አሠራር) ከጠፋ 0000-00-00 አድርጎ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ 0000-00-00 ያሉት ረድፎች የጥቅምት መጨረሻና የጳጉሜ ናቸው ማለት ነው፤ ትክክለኛውን ቀን ከገቢ ደረሰኙ ካልሆነ በኮድ ልታገኚው አትችዪም። በሰንጠረዡ ውስጥ ረድፉ የተፈጠረበት የታይምስታምፕ ዓምድ ካለ ግን ለግምት ይረዳል።

ያ ታይምስታምፕ ለሌላም ይጠቅማል። አንዳንዱ መዝጋቢ በፈረንጅ፣ አንዳንዱ በእኛ ሞልቶ ከሆነ ከታይምስታምፑ ዓመት የተሞላውን ዓመት ቀንሺ። ልዩነቱ 7 ወይም 8 ከሆነ በእኛ ነው፤ 0 ወይም 1 ከሆነ በፈረንጅ ነው። ሌላ ቁጥር ከመጣ ሰው ይየው።

መቀየሪያው ቀመር አንድ መስመር ነው። ዓመት፣ ወር (መስከረም 1፣ ጳጉሜ 13) እና ቀን ወስደሽ የጁሊያን ቀን ቁጥሩን (ቀኖችን ያለ ወርና ዓመት በተከታታይ የሚቆጥረውን) ታወጫለሽ፦

365 × ዓመት + (ዓመት ÷ 4፣ ቀሪው ተጥሎ) + 30 × ወር + ቀን + 1723825

ውጤቱን ለጄዲ ቱ ግሪጎሪያን ትሰጪዋለሽ፤ የካሌንደር ኤክስቴንሽኑ በዊንዶውሱ ፒኤችፒ ውስጥ አብሮ አለ። ተጠንቀቂ፣ የሚመልሰው ወር/ቀን/ዓመት በሚል ቅደም ተከተል ነው፣ ዜሮም አይሞላም። ከፋፍለሽ ወርና ቀኑን በሁለት አኃዝ ሞልተሽ ዓመት-ወር-ቀን አድርጊው።

መፈተሻ፦ መስከረም 1 ቀን 2000 ቁጥሩ 2454356፣ ቀኑ 2007-09-12። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ቁጥሩ 2460199፣ ቀኑ 2023-09-11። መስከረም 1 ቀን 2016 ቁጥሩ 2460200፣ ቀኑ 2023-09-12። የአንቺው 2016-13-04 ደግሞ 2024-09-09 ይሆናል። እነዚህ አራቱ ልክ ከወጡ ሌላውም ልክ ነው፤ የዘመን መለወጫን ድንበር የሚያልፉትን ነው የመረጥኩልሽ። ከመቀየርሽ በፊት ግን ጳጉሜ ከ5 (ወይም 6) እንዳይበልጥ ራስሽ ፈትሺ፤ ቀመሩ ጳጉሜ 9 ብትሰጪው ሳያጉረመርም መስከረም ውስጥ ያስገባዋል።

ኢንትል ካሌንደር በ«ኢትዮፒክ» ያንኑ ይሠራል፣ ፒኤችፒ አይኤንአይ ውስጥ ማብራት ካልከበደሽ። እሱ ወርን ከ0 ነው የሚጀምረው፤ መስከረም 0፣ ጳጉሜ 12።

ማብቂያው 2026-08 እንዳለ ይሂድ፣ የስኪማው ዓመትና ወር ዓይነት ያ ነው። ከስካነሩ የሚመጣው ግን ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሁለት በሁለት አኃዝ ነው፣ ቀኑ 00 ከሆነ የወሩ የመጨረሻ ቀን ማለት ነው። 00ን ወደ 01 የሚቀይር ኮድ አይቶ የሚያልፍ ሰው አይኑር፤ አንድ ወር ሙሉ የሚሸጥ መድኃኒት ጊዜው አልፎበታል ያሰኛል።

ባዶውን የብዛት ታግ በተመለከተ፦ ለስኪማው ባዶ ጽሑፍ ቁጥር አይደለም። ዳታቤዙ ላይ ነል ከሆነ ታጉን ጭራሽ አትጻፊው፣ ስኪማው ከፈቀደ። 0 ብለሽ አትሙዪው፤ «አልተቆጠረም» እና «አልቋል» የተለያዩ ናቸው። የምርት ቁጥሩንም በኢንቲጀር ዓምድ አትያዢው። ከ14ቱ አኃዝ መጀመሪያ ላይ ያሉት ዜሮዎች ይበላሉ።

ሳቢያን_ሰርቨር

እሺ፣ በኤክስፖርቱ ተረትቻለሁ። ሚሞሪውን ግን ፒኤችፒ አይኤንአይ (የፒኤችፒ ማስተካከያ ፋይል) ውስጥ 128 ሜጋባይቱን 1024 ማድረግ ይበቃል።

ጀጎል_ዳታ

ለዚህ ሳምንት ይበቃል። ሚሞሪውን የሚበሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ማይኤስኪውኤልአይ (ፒኤችፒን ከዳታቤዙ የሚያገናኘው) ካልተነገረው ውጤቱን በሙሉ ወደ ፒኤችፒ ሚሞሪ ይጎትታል። ሁለተኛ፣ ፋይሉ በአንድ ተለዋዋጭ ውስጥ ተጠራቅሞ መጨረሻ ላይ ነው የሚጻፈው። ፋይሉን በሙሉ እንደ ዛፍ በሚይዙት በዶም ወይም በሲምፕል ኤክስኤምኤል ቢሆን የባሰ ነው፤ ዛፉ ሚሞሪ ላይ ከፋይሉ ብዙ እጥፍ ይሰፋል።

ኩዌሪውን በዩዝ ሪዘልት አማራጭ ላኪ፣ ረድፍ በረድፍ ይመጣል። በዚህ ሁኔታ ግን ረድፎቹ እስኪያልቁ በዚያው ኮኔክሽን ሌላ ኩዌሪ መላክ አይቻልም፤ «ኮማንድስ አውት ኦፍ ሲንክ» ይልሻል። ለእያንዳንዱ መድኃኒት ባቾቹን በሌላ ኩዌሪ የምትጠይቂ ከሆነ እዚህ ትቆሚያለሽ። ባይከለከልም 6,000 ኩዌሪ ነው፣ አያስፈልግም። ሁለቱን ሰንጠረዦች በሌፍት ጆይን አገናኚ፣ በመድኃኒት ቁጥርና በባች ቅደም ተከተል አስይዢ፣ ከዚያ መድኃኒቱ ሲቀየር ታጉን ዝጊና ክፈቺ፦

የቀድሞ = ባዶ
ለእያንዳንዱ ረድፍ፦
  የረድፉ መድኃኒት ቁጥር ከየቀድሞ ከተለየ፦
    የቀድሞ ባዶ ካልሆነ → የመድኃኒት ታግ ዝጋ
    አዲስ የመድኃኒት ታግ ክፈት፣ ስምና አቀማመጥ ጻፍ
    የቀድሞ = የረድፉ መድኃኒት ቁጥር
  የባች ቁጥሩ ነል ካልሆነ → የባች ታግ ጻፍ
  በየ1,000 ረድፉ → ፍላሽ
ረድፎቹ ሲያልቁ፦
  የቀድሞ ባዶ ካልሆነ → የመድኃኒት ታግ ዝጋ
  ሥሩን ዝጋ፣ ፍላሽ

ሰው የሚረሳው ከታች ያለውን የመጨረሻውን «ዝጋ» ነው። ሌፍት ጆይን ያልኩሽ ባች የሌለው መድኃኒት ከፋይሉ እንዳይጠፋ ነው። በቁጥሩ እንጂ በስሙ አትለዪ፤ «ሐረር» እና «ሀረር» በአንድ ዳታቤዝ ውስጥ እንደማይጠፉ ታውቂዋለሽ፣ የመድኃኒት ስምም እንደዚያው ነው። የሐረሩንና የድሬውን ዳታቤዝ አንድ ላይ ስታወጪ ደግሞ ሁለቱም 117 ሊኖራቸው ስለሚችል የቅርንጫፍ መለያ አብሮ ይግባ።

ሰንጠረዦቹ ኢኖዲቢ በሚባለው የማከማቻ ዓይነት መሆናቸውን አረጋግጪ። ማይአይሳም ከሆኑ፣ ረድፍ በረድፍ በምታነቢበት ጊዜ ሁሉ ሰንጠረዡ ለጻፊ ስለሚቆለፍ ካሸሩ ሽያጭ መመዝገብ አይችልም።

ከብሮውዘር አታስነሺው። እዚያ በነባሪው 30 ሰከንድ ነው የሚሰጥሽ፤ ከኮማንድ መስመር ገደብ የለውም። በዊንዶውስ ታስክ ስኬጁለር አስይዢው።

ደቻቱ_ባይት

የአማርኛ ታግ የሚለውን ማንም አልነካውም። ይዘቱ በአማርኛ ቢሆን ከመጀመሪያው ጀምሮ ተፈቅዷል። የታግ ስም ግን ሌላ ነው። የኤክስኤምኤል 1.0 ደንብ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲወጣ ለስም የሚፈቀዱትን ፊደላት የዘረዘረው በዩኒኮድ 2.0 ነበር፤ የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ3.0፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ ውስጥ የለንም። ኤክስኤምኤል 1.1 (2004) በሩን ከፈተው፣ ግን ብዙ ፕሮግራም አልተቀበለውም። 1.0 ራሱ የላላው በአምስተኛው እትም፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ነው።

ያንቺ ፒኤችፒ የሚጠቀምበት ሊብኤክስኤምኤል2 ፓርሰር ከ2.7 ጀምሮ የአምስተኛውን እትም ይከተላል፣ ሳይጠይቅ ያነበዋል። ፓይተን የሚጠቀምበት ኤክስፓት ግን አራተኛው እትም ላይ ነው፣ የጃቫው ዜርሰስም እንዲሁ። <ክምችት> የሚለው ላይ ሲደርሱ የተሳሳተ ምልክት ብለው ያቆማሉ፣ በአንቺ ማሽን ላይ ምንም ስህተት ሳይታይ። ተቀባዩ በምን እንደሚያነብ ካላወቅሽ ታጎቹና አትሪቢዩቶቹ በላቲን ይሁኑ፣ ዋጋዎቹ በአማርኛ። ደግሞም ስኪማ የላኩት እነሱ ከሆኑ ስሙን የሚወስነው ስኪማው ነው፤ ቅደም ተከተሉንም ጭምር። ሲኩዌንስ ካለ ማብቂያ ከገቢ ቢቀድም እንኳ ይወድቃል። የስኪማውን ኔምስፔስ (ታጎቹ የማን እንደሆኑ የሚለይ ስም) ሥሩ ላይ ማስቀመጥም አትርሺ፤ ካልተቀመጠ ፈታሹ ገና የመጀመሪያውን ታግ አላውቀውም ይላል።

የቀፊራዋ

ሁለት ነገር ቀረኝ። በዶም ስኪማ ቫሊዴት ስፈትሸው ስህተቶቹ በሙሉ 65535ኛ መስመር ላይ ናቸው ይላል። እና መብራት መሐል ላይ ሲሄድ ግማሹ ፋይል ይቀራል፣ መላኪያውም እሱኑ ይልከዋል።

ከዚራ_ጥላ

65535 የመስመር ቁጥሩን የሚይዘው ቦታ በ16 ቢት ስለተወሰነ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ 65535 ይባላል። ኤክስኤምኤል ሪደር በሴት ስኪማ ፈትሺ፣ እሱ ፋይሉንም በሙሉ ወደ ሚሞሪ አይጭንም። ሊብኤክስኤምኤል ዩዝ ኢንተርናል ኤረርስን አብሪና፣ መድኃኒት በገባሽ ቁጥር ቁጥሩን ያዢ። ስህተት ሲመጣ ከመስመሩ ይልቅ «መድኃኒት 117» ብለሽ ትጽፊዋለሽ፣ የመጋዘን ሰውም የሚገባው እሱ ነው።

ለመብራቱ፣ በቀጥታ በመላኪያው ስም አትጻፊ። በዚያው ፎልደር በሌላ ቅጥያ (ከፋይሉ ስም ነጥብ በኋላ ባለው) ጻፊ፣ ሥሩ ተዘግቶ ፍላሽ ካለቀ በኋላ በስኪማው ፈትሺ፣ ካለፈ ብቻ ሪኔም አድርጊው። ፎልደሩ ያው ዲስክ ላይ ይሁን፤ ወደ ሌላ ዲስክ ከሆነ ሪኔም ሳይሆን ቅጂ ነው፣ ቅጂ ደግሞ ግማሽ ላይ ሊቆም ይችላል። መላኪያው ትክክለኛው ቅጥያ ያላቸውን ብቻ ይፈልግ። ጀነሬተር ያለበት ቤት ቢሆንም እንዲሁ አድርጊው።

ተቀባዩ በሥሩ ላይ የረድፍ ብዛት የሚጠይቅ ከሆነ፣ ብዛቱ ከረድፎቹ በፊት ስለሚጻፍ ቀድመሽ መቁጠር ይኖርብሻል። ቆጠራውንና ንባቡን በአንድ ትራንዛክሽን፣ ስታርት ትራንዛክሽን ዊዝ ኮንሲስተንት ስናፕሾት ብለሽ ጀምሪ። ካልሆነ በመሐል አንድ ካርቶን ሲገባ ብዛቱ 40,000፣ ረድፉ 40,001 ይሆንና ፋይሉ እንደገና ይመለስልሻል።